ዘጠኝ ፊርማ ያለበት ካናቴራ

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን በስፖርት መምህርነት አሳልፈው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጅማ አቅራቢያ ባለችው የቡ ላይ ቡናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። የእኔ ሙያ የሰነድ ጥበቃ ነው። ያጨቃጨቀን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ ካናቴራ ነው፤ የ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን የጅማ አባ ጅፋር ተጫዋቾች የፈረሙበት።

እኔ፦ ጋሼ፣ ካናቴራውን ከመስኮቱ ትይዩ የሰቀሉት አውቀው ነው?

ጋሼ፦ አውቄ ነው እንጂ! እንግዳ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ እሱ ላይ እንዲያርፍ። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኛል፤ እኔም የማወራበት ሰበብ አገኛለሁ።

እኔ፦ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ታርፍበታለች። ከሥሩ ደግሞ ረከቦቱ አለ። ቡናው ሲቆላ፣ ዕጣኑ ሲጨስ፣ ጭሱ ወጥቶ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። አንገቱ ሥር ያለውን ፊርማ ተጠግተው ያዩት መቼ ነው?

ጋሼ፦ መነጽሬን ካደረግሁ ሁሌም አየዋለሁ።

እኔ፦ እስቲ አሁን ያድርጉና ይዩት።

ጋሼ፦ ቆይ... ይሄ ጥቁር አልነበረም እንዴ? ቡናማ ሆኗል። ጅራት ነበረችው፣ እንዲህ ወደ ታች ተጠማዛ የምትቀር። የለችም።

እኔ፦ ጥቁር ነበር። የማርከር ጥቁር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ቀለም አይደለም፤ ከተለያዩ ማቅለሚያዎች ተቀይጦ ነው ጥቁር የሚሆነው። ብርሃን ሲያገኘው አንዱ ማቅለሚያ ቀድሞ ይጠፋል፣ የቀረው ቡናማ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ትንሽ ቆይቶ እሱም ይከተላል። ብርሃን የወሰደውን ቀለም የሚመልስ መድኃኒት ደግሞ የለም። ከሁሉ የሚከፋው በቀስታ መሆኑ ነው፤ በየቀኑ የሚያየው ሰው አያስተውለውም።

ጋሼ፦ አንቺ ከመጣሽ ገና ቡና ሳትጠጪ መርዶ ነገርሽኝ።

እኔ፦ መርዶ አይደለም፣ ገና ብዙ የሚተርፍ አለ። ደግሞ የማጨቀጭቅዎት ያለ ምክንያት አይደለም። ያን ቡድን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ዛሬ የት ነው ያለው?

ጋሼ፦ የት አለ! ያን ዓመት አንቺ አዲስ አበባ ነበርሽ፣ እንዴት እንደነበር ላስረዳሽ አልችልም። በ2009 ከከፍተኛ ሊግ ያደገው ጅማ ከተማ ተብሎ ነው። ስሙን ጅማ አባ ጅፋር አለና ፕሪሚየር ሊግ ገባ፤ በገባበት ዓመት ዋንጫውን አነሣው! ያውም ቅዱስ ጊዮርጊስን በጎል ልዩነት በልጦ። ስንት ዓመት የቆየ ክለብ ያላገኘውን ከታች የመጣ ልጅ በመጀመሪያ ዓመቱ ይዞት ሲመጣ አስቢው። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ብቻውን 23 ጎል አገባ፤ ኮከብ ጎል አግቢ እሱ ሆነ። አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ነበር። እሱ ደግሞ በማግስቱ ዓመት መቐለ 70 እንደርታን ይዞ ሌላ ዋንጫ ወሰደ። ሁለት ዓመት፣ ሁለት ክለብ፣ ሁለት ዋንጫ።

እኔ፦ ተጫዋቾቹስ?

ጋሼ፦ በየፊናቸው ሄዱ። በ2011 አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ላይ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ደረሰን። እዚያ 2 ለ 0 ተሸነፍን፣ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፍን፤ በድምር ወደቅን። አል አህሊን ያሸነፈ ቡድን ነው የምልሽ! ከዚያ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ በ2014 ከሊጉ ወረደ።

እኔ፦ ታዲያ የምለው ይኼን ነው። እነዚያ ሰዎች ዳግመኛ አንድ ላይ አይሰበሰቡም። የጎሉ ቪዲዮ ይኖራል፣ ውጤቱ በመዝገብ አለ። እነዚህ ዘጠኝ እጆች በአንድ ጨርቅ ላይ ያረፉት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለመሆኑ እንዴት አስፈረሟቸው?

ጋሼ፦ ዋንጫው ጅማ በገባ ሰሞን ነው። ካናቴራዋ ደጋፊዎች ያሳተሟት ናት፣ ትክክለኛው ማሊያ አይደለችም። ለብሻት ነበር የሄድኩት። የሆቴሉ በር ላይ ሰው ከሰው ላይ ተደራርቧል፤ ሕፃን የለ፣ ሽማግሌ የለ። አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ ማርከር ይዟል። ተጫዋቾቹ ሲወጡ ደረቴን ሰጠኋቸው። ቆሜ፣ እንደ ግድግዳ። እየሳቁ ፈረሙልኝ። በስልሳ ዓመቴ ልጅ ሆንኩ ማለት ነው።

እኔ፦ ለብሰዋት እያለ ነው የፈረሙት? ለዚያ ነዋ ሁለቱ ፊርማ የተንሻፈፈው። ጨርቅ ሲለጠጥ የተጻፈ ነገር፣ ጨርቁ ሲመለስ ይጨማደዳል። ማርከሩም ላብ የነካውን ቦታ ሲያገኝ ወደ ክሩ ይሰራጫል፤ ይኸው ዙሪያውን ጥላ የመሰለ ነገር።

ጋሼ፦ ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ አላስነካኋትም። ሚስቴ ስንት ጊዜ «ልጠባት» ብላ ተጣልተናል።

እኔ፦ እዚህ ላይ እርስዎ ልክ ነዎት። ማጠብ ከፊርማው በፊት ነው። አዲስ ጨርቅ ላይ ፋብሪካ የቀባው ማለስለሻ አለ፣ ቀለሙን ወደ ውስጥ አያስገባም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ጠረጴዛ ላይ ወይም ካርቶን ላይ ተወጥሮ ቢፈረም ነው የሚበጀው። ከተፈረመ በኋላ ግን ውሃም፣ ኦሞም፣ በረኪናም አይነካውም። አሁን አንዱን ልጠይቅዎት፤ ቀኝ ጎን ላይ ያለው ይሄ ፊርማ ለምን ከሁሉ ይደምቃል?

ጋሼ፦ እ... እሱ...

እኔ፦ ጋሼ።

ጋሼ፦ የልጅ ልጄ ነው። እየደበዘዘ መሆኑን አይቶ፣ ለእኔ አስቦ፣ በማርከሩ ደገመበት። በፍቅር ያደረገው ነው፣ እንዳትቆጪው።

እኔ፦ አልቆጣውም። ይህ ግን ከእንግዲህ የተጫዋቹ ፊርማ አይደለም፣ የልጁ ነው። መስመሩን ልብ ብለው ይዩት፤ ሌሎቹ ላይ እጅ ሮጧል፣ መነሻው ወፍራም ነው፣ መድረሻው ይሳሳል። እዚህ ግን እጁ እየቆመ እየቆመ ነው የሄደው። ስቶ እንዳይወጣ ፈርቷል። በየማጠፊያው ላይ ነጠብጣብ አለ፣ ማርከሩ ቆሞ የጠበቀበት። ፊርማ መርማሪዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት ይህንን ነው፤ የራሱን ስም የሚጽፍ ሰው አይጠነቀቅም፣ የሰውን የሚገለብጥ ግን ይጠነቀቃል።

ጋሼ፦ ታዲያ ሊጠፋ ሲል ዝም ብሎ ማየት ነው?

እኔ፦ የደበዘዘ ፊርማ ፊርማ ነው። ባዶ ዓይን ባያየው እንኳ ከተለመደው ውጪ በሆነ ብርሃን ሲነሣ ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። የተደገመበት ግን ለዘለዓለም ከሥር ተቀብሯል። ይህን ልጁን አስቀምጠው በደግነት ይንገሩት።

ጋሼ፦ እሺ። ግን ልጄ፣ አንቺ ስለ መርማሪ ስታወሪ ይገርመኛል። ለአንድ ካናቴራ? የቡ ላይ ማን ፊርማ ይፈለስፋል?

እኔ፦ የቡ ላይ ላይሆን ይችላል። ገንዘብ በገባበት ቦታ ግን ይፈለሰፋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» የሚባል ዘመቻ ከፍቶ ነበር። በሐሰተኛ የስፖርተኞች ፊርማ የሚነግዱ ሰዎችን ሲይዝ ምን አገኘ መሰለዎት? ማዘር ቴሬሳ ፈርመውበታል የተባለ የቤዝቦል ኳስ!

ጋሼ፦ ማዘር ቴሬሳ? የካልካታዋ?

እኔ፦ የካልካታዋ። ገዢ ስላለ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ዕቃ ያለው ሰው እውነተኛነቱን ማስረዳት ግድ ሆነበት። የማራዶናን ማሊያ ያስታውሳሉ? «የእግዚአብሔር እጅ» ያለውን ጎል ያገባበት?

ጋሼ፦ እ.ኤ.አ. በ1986 የእንግሊዙ ጨዋታ! እንዴት አላስታውስም!

እኔ፦ ከጨዋታው በኋላ ማሊያውን የተለዋወጠው የእንግሊዙ አማካይ ስቲቭ ሆጅ ነው። ብዙ ዓመት ለእንግሊዝ የእግር ኳስ ሙዚየም አውሶት ቆየና እ.ኤ.አ. በ2022 ለጨረታ አቀረበው፤ ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ከመሸጡ በፊት ግን የማራዶና ልጅ «አባቴ ሁለቱን ጎል ያገባበት ማሊያ ይህ አይደለም» ብላ ተነሣች። አጫራቾቹ ግን ቀድመዋታል። የዚያን ቀን ፎቶዎች ሰብስበው ማሊያውን ክር በክር አነጻጽረውት ነበር። አርማው የተሰፋበት ቦታ፣ መስመሮቹ የተገናኙበት ሥፍራ፣ የቁጥሩ አቀማመጥ። ማሊያ በእጅ ሲሰፋ ሁለት አንድ ዓይነት አይወጣም። ፎቶው መሰከረ።

ጋሼ፦ የሚገርም ነው። እኛ ጋ ግን ካናቴራውን ገዝቶ የሚሄድ እንጂ የሚመረምር አልመጣም። አንድ ነጋዴ ከጅማ መጥቶ ጥሩ ብር ሰጥቶኝ ነበር። «የኦኪኪ ፊርማ ካለበት እጨምራለሁ» አለኝ።

እኔ፦ አለበት?

ጋሼ፦ ጀርባው ላይ። ቀኝ ትከሻ ላይ ያለው ትልቁ የእሱ ነው።

እኔ፦ ሲፈርም አዩት?

ጋሼ፦ ...ጀርባዬ ላይ ነው እኮ የፈረመው። እንዴት አየዋለሁ?

እኔ፦ ስለዚህ ከፊት ያሉትን ስድስቱን አይተዋል፣ ከኋላ ያሉትን ሦስቱን አላዩም።

ጋሼ፦ እኔን አታምኚም ማለት ነው?

እኔ፦ እርስዎን አምናለሁ። ያላዩትን ነው የማላምነው። ለእንግዶችዎ «ይሄ የኦኪኪ ነው» ሲሉ ቢያንስ በልብዎ ያውቃሉ፣ እርግጠኛ እንዳልሆኑ። ከእርስዎ በኋላ ለልጅ ልጅዎ ሲተላለፍ ግን ያ ጥርጣሬ አብሮ አይሄድም። እሱ «የኦኪኪ ፊርማ» ብሎ ይረከባል፣ ከእሱ የገዛው ሰው እንደዚያው ብሎ ይሸጣል። አንድ ቀን አንድ ሰው እውነተኛውን የኦኪኪ ፊርማ ይዞ መጥቶ ሲያነጻጽር አልገጠመም እንበል። ያን ጊዜ የሚጠረጠረው አንዱ ብቻ አይሆንም፣ ዘጠኙም ናቸው። እርስዎ በዓይንዎ ያዩዋቸው ስድስቱ እንኳ።

ጋሼ፦ እሱን አላሰብኩትም ነበር። ቆይ እንግዲህ፣ ቡናው ደረሰ። አንደኛውን ጠጪ።

እኔ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለነጋዴው ግን ምን አሉት?

ጋሼ፦ አልሸጥም አልኩት። ተናደደ። ብሩ አስፈልጎኝ ነበር፣ አልዋሽሽም፤ የዚያን ዓመት የቡና ዋጋ አልጣመኝም። ግን ሸጬው ብበላው ማን ይነግርልኛል? ደግሞ የሰው ስም የሚሸጥበት ዘመን ነው። የአበበ ቢቂላን ስም እንኳ ጫማ ላይ ለጥፈው ሸጡ ሲባል ሰምቻለሁ።

እኔ፦ እውነት ነው። ቪብራም የሚባል የጫማ ኩባንያ አንዱን ጫማውን «ቢኪላ» ብሎ ሰየመው፤ ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ዳኛው በማግስቱ ዓመት ዘግይታችኋል ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ስሙ የአባታቸው አይደለም የተባለ አይደለም፤ ጊዜው አልፏል ነው የተባሉት።

ጋሼ፦ አየሽ! የአበበ ነገር ደግሞ ሁሌ ያስቆጨኛል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ሮም ላይ፣ በባዶ እግሩ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ደረቱ ላይ 11 ቁጥር። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ በሬዲዮ የሰሙ ትልልቅ ሰዎች ሲተርኩት ነው ያደግሁ። የዚያ ሩጫ ጫማ አሳዩኝ ብትዪ የለም፣ ምክንያቱም ጫማ አላደረገም። ሌላ አገር የሻምፒዮን ጫማ በመስታወት ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ የእኛ ትልቁ ድል የሚቀመጥ ጫማ እንኳ አልተወልንም።

እኔ፦ ለዚያ ነው የቀረው ሁሉ የሚያሳሳኝ። ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደውን ቡድን ያስቡ። ግብፆችን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2። ይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ወንድማማቾቹ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ አገሩን ለቆ ጣሊያን ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው አረፈ። ከዚያ ጨዋታ የተረፈ ማሊያ፣ የተፈረመበት ኳስ፣ የመግቢያ ትኬት በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?

ጋሼ፦ አንድም። ፎቶውን ጋዜጣ ላይ አይቻለሁ።

እኔ፦ በየሰው ቤት ያለ ይመስለኛል፣ አልጋ ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ። የሞተ ሰው ልብስ ሲመጸወት ደግሞ አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው ጅማ ሙዚየም ይቀመጥ የምልዎት። የጅማውን ንጉሥ የአባ ጅፋርን መገልገያዎች የያዘ ሙዚየም በስማቸው የተጠራውን ክለብ ካናቴራ ቢይዝ ያምርበታል።

ጋሼ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ለአንድ መሥሪያ ቤት የተማሪዎቼን ዋንጫና ፎቶ አስረክቤያለሁ። ስሙን አልጠራም። በዓመቱ ስሄድ የተቀበለኝ ሰው ተቀይሯል፣ ዕቃው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ደረሰኝ አልሰጡኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እቤቴ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አቧራውን የሚያራግፍለት ሰው ነበረው።

እኔ፦ ያ ያሳዝናል፣ እርስዎን አልቃወምም። ግን የጠፋው ዕቃው መሥሪያ ቤት ስለገባ ብቻ ነው? ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ዝርዝር፣ ያለ ፎቶ ስለገባም ነው። ሆጅ ማሊያውን ያን ሁሉ ዓመት ለሙዚየም ሲያውስ ባለቤትነቱን አልለቀቀም፤ በውል ነው የሰጠው፣ በፈለገ ጊዜ አንሥቶ ወሰደው። እርስዎም ማዋስ ይችላሉ። መስጠትና ማዋስ ይለያያል።

ጋሼ፦ ማዋስ... እሱን ላስብበት። አሁን ግን እዚሁ እያለ ምን ላድርገው? ያን ንገሪኝ።

እኔ፦ እርስዎ ይኼን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጀንፈልዎን ግድግዳ አስጠግተው፣ መሬት ላይ፣ ከበርበሬና ከጋዝ ጋር ያስቀምጣሉ?

ጋሼ፦ አብጃለሁ? ቡና ሽታ ይስባል፣ እርጥበት ይስባል። ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ከያዘ ይሻግታል፣ ዋጋ የለውም። ርብራብ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ ነፋስ እያገኘው። ጆንያው መተንፈስ አለበት።

እኔ፦ ጨርቅም እንደዚያው ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት አገር ነው፤ በክረምት የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ሻጋታ ጨርቅ ላይ ለመብቀል ሌላ ምንም አይጠብቅም። ላብና የቡና ጭስ ያለበት ጨርቅ ደግሞ ምግቡ ነው። ስለዚህ ፌስታል ውስጥ አይገባም፤ ፌስታል እርጥበቱን ያፍናል፣ ራሱም ሲያረጅ ይጣበቃል። ጋዜጣም አይጠቀለልበትም፤ አሲድ አለው፣ ጨርቁን ቢጫ ያደርገዋል፣ ቀለሙም ይለቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ ማለስለሻው የወጣለት አቡጀዲ ይግዙ። ካናቴራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ በፊቱና በጀርባው መካከል አንድ አቡጀዲ ያስገቡ፣ የፊቱ ቀለም ወደ ኋላው እንዳይዛመት።

ጋሼ፦ ከዚያ ላጥፈው?

እኔ፦ ቢቻል አይታጠፍ፣ ይጠቅለል። መታጠፍ ካለበት በፊርማ ላይ አይለፍ፤ እጥፋቱ ውስጥ የተጠቀለለ አቡጀዲ ይግባበት፣ ስለት እንዳይሆን። ክሩ የሚሰበረው ሁሌ በአንድ መስመር ላይ ሲታጠፍ ነው። ከዚያ ክዳን ባለው የካርቶን ሳጥን፣ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ከውጭው ግድግዳ ርቆ። በወር አንዴ ከፍተው ያዩታል። ብል ከታየ መድኃኒት አይርጩበት፣ ይደውሉልኝ።

ጋሼ፦ ታዲያ ሳጥን ውስጥ ከተቀበረ ማን ያየዋል? እኔ እኮ የማስቀምጠው እንዲታይ ነው። ከተደበቀማ ነጋዴውስ ምን አጠፋ?

እኔ፦ ሙግትዎ ትክክል ነው። ለዚህ ነው ፎቶው። ፀሐይ ሳይሆን ጥላ ባለበት በረንዳ ላይ ዘርግተን እናንሣው፤ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ፊርማ ከማስመሪያ ጋር፣ ልኩ እንዲታወቅ። ከዚያ ትልቁን ፎቶ አሳጥበን፣ በፍሬም አድርገን እዚያው ቦታ እንሰቅለዋለን። ፎቶውን ፀሐይ ይብላው፣ እንደገና ይታጠባል። ዋናውን በዓል በዓል ያውጡት። ለመስቀል ወይም ለአረፋ ዘመድ ሲሰበሰብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያሳዩ። ግድግዳ ላይ እያየ ሰልችቶት ከሚያልፈው ይልቅ ያን ጊዜ ሰው ተጠግቶ ያየዋል።

ጋሼ፦ እሱስ ደህና ሐሳብ ነው። ኳስስ? ትምህርት ቤት ያለች አንድ ኳስ አለች፣ ልጆቹ አስፈርመዋት።

እኔ፦ ኳሷ ነፋሷ ሙሉ በሙሉ እንዳይወጣ፣ ሙሉ በሙሉም እንዳትነፋ። ከተኮማተረች ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ከተወጠረች ስፌቷ ይለቃል። ቅባት፣ የጫማ ቀለም አይነካትም። ፊርማውን በጣት መደባበስ ይቅር። ወረቀት ከሆነ ደግሞ ላሚኔት አታድርጉት ይበሏቸው፤ ትኩሱ ፕላስቲክ ከወረቀቱ ጋር አንድ ይሆናል፣ ተመልሶ አይላቀቅም።

ጋሼ፦ ላሚኔት ስትዪ የኔ የኦቶግራፍ ደብተር ትዝ አለኝ። ትምህርት ስንጨርስ ለጓደኛ ሁሉ እያዞርን የምናስጽፍባት። «የምትወደው ምግብ፣ የምትወደው ስፖርት፣ ለእኔ ያለህ ምክር።» ዛሬም አለችኝ። ከጻፉልኝ መካከል ስንቱ አልፏል። እሷን ስገልጥ የእጃቸው አጻጻፍ ሰውየውን ያመጣብኛል፤ ፎቶ እንኳ እንደዚያ አያመጣውም። ለዚህ ይሆናል ተጫዋቾቹንም ያስፈረምኳቸው።

እኔ፦ ደብተሯ ላይ እያንዳንዱ ሰው ስሙን፣ ቀኑን፣ ክፍሉን ጽፏል አይደል?

ጋሼ፦ እንዴታ።

እኔ፦ ካናቴራው የጎደለው ያ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሳልሄድ ወረቀትና እርሳስ እንይዛለን። እርሳስ እንጂ ስክሪፕቶ አይደለም፣ እርሳስ አይደበዝዝም፣ ውሃ ቢነካውም አይፈስም። እርስዎ ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከፊት እንጀምር። ግራ ደረት፣ የላይኛው።

ጋሼ፦ እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። ተከላካይ ነው፣ ስሙን ከሥሩ ቁጥሩን ጽፎ ነው የፈረመው። ሁለተኛው ደግሞ ግብ ጠባቂ፤ ጓንቱን በአፉ ነክሶ ፈረመ፣ ሰው ሳቀ።

እኔ፦ ጓንቱን በአፉ ነክሶ። ጽፌዋለሁ። ማን ነበር አጠገብዎ?

ጋሼ፦ ማርከር የያዘው ልጅ። የተማሪዬ ታናሽ ወንድም ደግሞ ከኋላዬ ነበር።

እኔ፦ ከኋላዎ? ታዲያ የኋላዎቹን እሱ አይቷላ!

ጋሼ፦ አዎ... ቆይ። «ኦኪኪ! ኦኪኪ!» ብሎ የጮኸው እሱ ነው። እጅ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ የሰማሁት ጩኸት። ለዚያ ነው የኦኪኪ ነው የምለው፣ ዝም ብዬ አይደለም።

እኔ፦ እንደሱ ብለን እንጽፈዋለና! «ቀኝ ትከሻ፣ ጀርባ፤ ባለቤቱ ሲፈረም አላየም፤ ከኋላ የነበረ ልጅ የኦኪኪን ስም ሲጠራ ሰምቷል።» ይኼ ምስክርነት ነው። ከ«የኦኪኪ ነው» ይልቅ ይኼ ብዙ ዓመት ይቆማል።

ጋሼ፦ እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ብዬ ላንብብለት ነው?

እኔ፦ ያንብቡለት። ጆሮውን ይበልጥ ያቆማል። ልጁ ያን ቀን ስልክ ይዞ ነበር?

ጋሼ፦ ሁሉም ስልክ ይዞ ነበር! እሱማ እጁን ከሰው ጭንቅላት በላይ አንሥቶ ሲቀርጽ ነበር። አሁን አጋሮ ነው ያለው፣ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ይሠራል።

እኔ፦ ለማራዶና ማሊያ የመሰከረው ፎቶ ነው ጋሼ። ስልኩን ቀይሮት ይሆናል፣ ሜሞሪ ካርዱ ግን...

ጋሼ፦ ይኖረዋል፣ ምንም የሚጥል ልጅ አይደለም። ቁጥሩ አለኝ። ሁለተኛውን ቅጂልኝ፣ እኔ ልደውልለት።